ቼዳርና ፖርት ለወዳጆች፦ ጅማ ላይ የቅምሻ ግብዣ እንዴት ይዘጋጃል?

እንግዳ ሲመጣ "ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ" ማለትን ከእናቶቻችን ነው የተማርነው። ቼዳር የተባለው የእንግሊዝ ቺዝና ፖርት የተባለው ጣፋጭ የፖርቱጋል ወይን የሚቀርብበት የቅምሻ ግብዣ ግን ሌላ ጠባይ ይፈልጋል። ትንሽ ይቀርባል፣ ቀስ ተብሎ ይበላል፣ በመሃል ዝም ይባላል።

መጀመሪያ ስሞክረው ይህን አላወቅሁም ነበር። ምሳ ዶሮ ወጥ አቀረብኩ። ቡና ተፈላ፣ ዕጣን ጨሰ። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ፎርማጆ የቆረስኩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ጓደኞቼ አክብረውኝ በሉ። የቱ ከየቱ እንደሚለይ ግን አንዳቸውም ሊነግሩኝ አልቻሉም። ቺዙ ጥሩ ነበር። ምላሳቸው በበርበሬና በቡና ቀድሞ ተይዞ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ከግዢው ይልቅ ቅደም ተከተሉ ይበልጣል። ምን ይቅደም፣ ምን ይከተል፣ ምን ደግሞ እስከ መጨረሻው ይቆይ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ መልስ ነው።

1. ቀንና ሰዓት

ረቡዕና ዓርብን ተዉ። ቺዝ የወተት ውጤት ስለሆነ ጾመኛ አይቀምሰውም። ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ የገና ጾም መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ አይታችሁ ጥሩ። ረመዳን ላይ ከሆነም ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ይስማማል። ምሳ ከተበላ ቆየት ብሏል፣ እራትም ገና ነው። ስትጋብዙ "ቀለል ያለ ምሳ በልታችሁ ኑ" በሉ። በባዶ ሆድ ፖርት መጠጣት ጥሩ አይደለም። ጠግቦ የመጣ ሰው ደግሞ አይቀምስም። ሽቶ በብዛት እንዳይቀቡም ብትነግሯቸው ደስ ይለኛል። ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

2. እነማን ይምጡ?

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ወሬው ለሁለት ይከፈልና ቅምሻው ይረሳል።

ጅማ ላይ አንድ ግብዣ ሲጠራ ሙስሊምም ክርስቲያንም ወዳጅ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር ቀድማችሁ አጣሩ። አንደኛው መጠጡ ነው። አልኮል የማይጠጣ ወዳጃችሁን "ላንተ ለስላሳ አለ" ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም። አልኮል ከቀረበበት ገበታ አብሮ መቀመጥ የማይፈልግም አለ። ስለዚህ በግል ደውላችሁ ጠይቁት። ካልተመቸው መላውን ቅምሻ በብርዝ አድርጉትና ፖርቱን ለሌላ ቀን አቆዩ። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። በብርዝ የተደረገው ቅምሻ ምንም አልጎደለውም። እንዴት እንደሚሠራ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛው ቺዙ ራሱ ነው። ቼዳር ሲሠራ ወተቱን የሚያረጋው ሬኔት የሚባል ነገር ነው። በባሕላዊው አሠራር ይህ ሬኔት ከጥጃ ጨጓራ ይወጣል። "ጥጃው በማን እጅ ታረደ?" የሚለው ጥያቄ እኛ ጋ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ቁም ነገር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥጋ ለማይበሉ ሰዎች እንደሚሆን በማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን ግዙ። የእሱ ሬኔት ከእንስሳ ሆድ የወጣ አይደለም። እንዲህ ያለው ቼዳር በብዛት ይመረታል። ማሸጊያውን አትጣሉት። የጠየቀ ሰው ራሱ አንብቦ ልቡ ይረፍ።

3. ምን ይገዛ?

ሦስት ዓይነት ቼዳር ያስፈልጋል። አራተኛው ሳህን ላይ የሚቀመጠው የራሳችን አይብ ነው።

ቼዳር ስሙን ያገኘው በእንግሊዝ ሱመርሴት ከምትገኝ ቼዳር ከምትባል መንደር ነው። በመንደሯ አጠገብ ትልቅ ገደል አለ፣ በገደሉ ውስጥ ዋሻዎች አሉ። ዋሻዎቹ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆኑ ቺዝ ለማቆየት ተስማምተዋል። ስሙ ግን ለመንደሯ ብቻ አልቀረም። አየርላንድ፣ ኒውዚላንድ፣ አሜሪካ፣ ጎረቤታችን ኬንያም ቼዳር ይሠራል።

ስትገዙ የሚታየው ዕድሜው ነው። ማሸጊያው ላይ "ማይልድ" የሚለው ለጋው ነው፣ ጥቂት ወራት ብቻ የቆየ። "ማቹር" ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል። "ኤክስትራ ማቹር" ወይም "ቪንቴጅ" የሚለው ከአንድ ዓመት ተኩል አንስቶ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ የቆየ ነው። ከሦስቱም አንድ አንድ ውሰዱ። ቢቻል የአንድ አምራች ይሁኑ፤ ያኔ የሚለያያቸው ዕድሜ ብቻ ይሆናል።

በቀለም አትታለሉ። ብርቱካንማ የሆነው ቼዳር አናቶ በሚባል የተክል ፍሬ የተቀባ ነው። ከነጩ አይበልጥም፣ አያንስምም። የበርገር ስስ ቁራጮችን ግን ተዉ። "ፕሮሰስድ" የሚል ከተጻፈበት ቺዙ እንደገና ቀልጦ ከሌላ ነገር ጋር የተደባለቀ ነው። ዕድሜው አይታወቅበትም።

መጠኑን እንዲህ አስሉ። ለአንድ ሰው ከእያንዳንዱ ዓይነት 30 ግራም፣ ማለትም አንድ የክብሪት ሳጥን የሚያህል ይበቃል። ለስምንት ሰው ከየዓይነቱ 250 ግራም ገደማ ነው። ሦስቱ ተደምረው 750 ግራም። ዕቃው ውድ ስለሆነ ተዋጥቶ መግዛት ነውር የለውም።

አይቡን ከሂርማታ ገበያ ወይም ከምታምኗት ሴት በዕለቱ አምጡ። ኮሰረትም ሚጥሚጣም ያልገባበት ይሁን።

ፖርቱን በተመለከተ ሁለት ጠርሙስ ይበቃል፣ አንድ ሩቢ፣ አንድ ቶኒ። ፖርት ከሰሜን ፖርቱጋል፣ ከዶውሮ ወንዝ ሸለቆ የሚመጣ ጣፋጭ ወይን ነው። ስሙን የሰጠው የፖርቶ ከተማ ነው። ወይኑ እየፈላ ሳለ፣ ስኳሩ ግማሽ ያህል ሲቀር 77% አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨመርበታል። ያኔ እርሾው ይሞታል። ጣፋጩ በውስጡ ይቀራል፣ የአልኮሉ መጠንም ወደ 20% ይደርሳል።

ሩቢው ብዙ አየር ሳያገኘው ስለሚቆይ ደማቅ ቀይ ነው፣ የፍሬ ጣዕም አለው። ቶኒው በእንጨት በርሜል ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። አየር ቀስ በቀስ እየገባው ቀለሙ ወደ ቡናማ ይዞራል። ጣዕሙ ወደ ለውዝ፣ ዘቢብና የተቃጠለ ስኳር ይሄዳል። አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ለምሳሌ 10፣ 20፣ 30 ወይም 40 ዓመት ተብሎ ይጻፍበታል። ለቅምሻ የ10 ዓመቱ ከበቂ በላይ ነው። "ቪንቴጅ ፖርት" የሚባለውን ለዚህ ቀን አትግዙ። ዋጋው ከባድ ነው፣ አተላውም በጥንቃቄ ካልተጠለለ አስቸጋሪ ነው።

የፖርቱጋሉ ካልተገኘ ደቡብ አፍሪካ በዚሁ መንገድ የሚሠራው "ኬፕ ሩቢ" እና "ኬፕ ቶኒ" አለ። እሱም ከጠፋ አክሱሚት ያዙ። አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ ወይን ነው፣ አረቄ ግን አልተጨመረበትም። ከለጋው ቼዳር ጋር ይሄዳል፣ ያረጀውን ግን አይችለውም።

4. ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ

ያረጀ ቼዳር ጅማ ላይ ተፈልጎ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ነው የሚመጣው፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞት ይመጣል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሃይላንድ ውሃ ማታውኑ ፍሪዘር ውስጥ አስገብታችሁ በረዶ አድርጉት። ቺዙን በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ በፌስታል ደርባችሁ ከሃይላንዱ ጋር በፎጣ ጠቅልሉት። ቼዳር ጠንካራ ቺዝ ነው፣ የአንድ ቀን መንገድ አያበላሸውም። ብቻ ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት።

ቤት ሲደርስ ፍሪጅ ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ ክደኑት። ቺዝ ሽታ ይስባል። ከንጥር ቅቤና ከተከተፈ ሽንኩርት አጠገብ ያደረ ቼዳር የእነሱን ጠረን ይዞ ይወጣል። መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ። የፍሪጁን በር ካልከፈታችሁት ለሰዓታት ይቆያል።

5. የዕለቱ ዝግጅት

ጠዋት ብርዙን በጥብጡ። ብርዝ ለዚህ ቺዝ የተፈጠረ እስኪመስለኝ እወደዋለሁ። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥሩ፣ አቀዝቅዙ። የጫካ ማር ከሆነ፣ ለምሳሌ ከጌራ የመጣ፣ ጣዕሙ ከፖርቱ ጋር አንገት ለአንገት ይሄዳል። ጠዋት የተበጠበጠ ብርዝ ማታ ሳይደርስ ይጠጣ። ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ ያኔ አልኮል ለማይጠጣ ሰው አይሆንም። የሚቀርበው በብርሌ ነው። ብርሌ ይዞ የተቀመጠ ሰው ከገበታው እንደተለየ አይሰማውም።

8 ሰዓት ከሰዓት ላይ መስኮት ክፈቱ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ምንም አይቆላ፣ ምንም አይጨስ። ይህን ስጽፍ ራሴም ይከብደኛል። ጅማ ላይ እንግዳ እየተጠበቀ ቡና የማይቆላበት ቤት ያስተዛዝባል። ግን የቡናና የዕጣን ጭስ አፍንጫን ይሞላል፣ ጣዕም ደግሞ አብዛኛው በአፍንጫ ነው። ቡናው አይቀርም፣ ቦታው ብቻ መጨረሻ ላይ ነው። ለእንግዶቹ ገና በር ላይ ንገሯቸው፣ እንዳይጠብቁ።

9 ሰዓት ላይ ቺዙን ከፍሪጅ አውጡ። ቀዝቃዛ ቺዝ ጣዕም የለውም፣ ስቡ እንደ ሻማ ነው። አንድ ሰዓት ሲቀመጥ ይለሰልሳል፣ ጠረኑም ይወጣል። ቶኒው በአንጻሩ አሁን ፍሪጅ ይግባ፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይጥማል። ሩቢው 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

ዳቦ ተራ ይሁን፣ ጥቁር አዝሙድም ጣፋጭም የሌለበት። እንጀራ አታቅርቡ። ኮምጣጣነቱ ከቼዳሩ ጣዕም ጋር ይጋጫል። ውሃ በብዛት አስቀምጡ። ማር በትንሽ ሳህን፣ ጨው የሌለበት የተቆላ ኦቾሎኒና ቴምር አዘጋጁ፣ ግን ለጊዜው ጓዳ ይቆዩ።

ብርጭቆን በተመለከተ አንድ ነገር ልምከር። ፖርት በአረቄ መለኪያ አትቅዱ። መለኪያ የያዘ እጅ ባንዴ ይጨልጣል። የወይን ብርጭቆ ካለ ሩቡን ብቻ ሙሉት። ከሌለ የሻይ ብርጭቆ ይሻላል፣ ለማሽተት ቦታ አለው።

መቀመጫ የጅማ በርጩማ ካላችሁ ክብ ሠርታችሁ አስቀምጡት። ሁሉም ሰው የሁሉንም ፊት ያያል። የቅምሻ ግማሹ ደስታ የሌላውን ፊት ማየት ነው።

6. ቅምሻው

አራት ሳህን አዘጋጁ። በወረቀት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላችሁ ጻፉ። ሀ አይቡ ነው፣ ለ ለጋው ቼዳር፣ ሐ ማቹሩ፣ መ ያረጀው። ቅደም ተከተሉ አይቀየርም። ያረጀው ከቀደመ ለጋው ውሃ ይመስላል። እንግዶቹ የቺዞቹን ዕድሜ አይወቁ፣ ማሸጊያውንም አታሳዩ። ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡ።

አይቡን ለምን እንደማስቀድም ልንገራችሁ። ሰው ከሚያውቀው ሲነሣ የማያውቀውን አይፈራም። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ በሙቀት የሚሠራ ነው፣ አጓቱ ይጠልና በዕለቱ ይበላል። ቼዳር ደግሞ ቅቤው ካልወጣለት ወተት ይነሣል። አንድ ኪሎ ለማውጣት 10 ሊትር ገደማ ወተት ይፈጃል። የረጋው ወተት በጠፍጣፋው ይቆረጣል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይደረደራል። አጓቱ በራሱ ክብደት እየተጨመቀ ይወጣል። ከዚያ ተፈርፍሮ ጨው ይገባበታል፣ ይጨመቃል፣ ለወራት ይቀመጣል። አንድ ማንኪያ አይብ ቀምሰው ይህን የሰሙ ሰዎች ወደ ለ ሲሻገሩ ወተቱ ምን እንደሆነ በአፋቸው ይከተሉታል።

አሁን ለእያንዳንዱ ቼዳር እንዲህ አድርጉ።

ቁራጩን በጣት ስበሩት። ለጋው ይታጠፋል፣ ያረጀው ይፈረፈራል። ይህን ብቻ አይቶ ዕድሜውን የሚገምት ሰው አለ።

አሽትቱት። ከዚያ ትንሽ ነክሳችሁ ቀስ ብላችሁ አኝኩ። ወዲያው አትዋጡ። ከዋጣችሁ በኋላ አፋችሁን ዝጉና በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። የቀረው ጣዕም የሚመጣው ያኔ ነው። ዝም በሉ፣ የተሰማችሁን ጻፉ።

ጽሑፉ ላይ ሰዎች ይቸገራሉ፣ "ይጣፍጣል" ብቻ ብለው ያቆማሉ። አስተናጋጁ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ጥያቄ ጠይቁ። ለጋ ቅቤ ነው ወይስ የቆየ ቅቤ? አሬራ አሬራ ይላል? የተቆላ ሽምብራ አለበት? የሥጋ መረቅስ? ደረቅ ሣር? የራሳችን ወጥ ቤት ለዚህ ሁሉ ቃል አለው። አንዲት ጓደኛዬ ያረጀውን ቼዳር ቀምሳ "የእናቴ የቅቤ ቅል ሲከፈት" ብላ ጻፈች። ከማሸጊያው ማብራሪያ ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል።

መ ላይ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተናገሩ። ያረጀ ቼዳር ሲታኘክ ቀጭ ቀጭ የሚል ነጭ ነገር ይገኝበታል። አሸዋ ነው ብሎ የሚተፋ አለ፣ ጨው የሚመስለውም አለ። ቺዙ ሲያረጅ የሚፈጠር፣ ካልሲየም ላክቴት የሚባል ጥቃቅን ጠጠር መሰል ነገር ነው። የመቆየቱ ምልክት እንጂ ጉድለት አይደለም።

ቺዙ ሁሉ ለብቻው ከተቀመሰ በኋላ ነው ፖርቱ የሚቀዳው። ለአንድ ሰው ከእያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር። አንዱ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለስምንት ሰው ከበቂ በላይ ነው። መጀመሪያ ሩቢውን ብቻውን ቅመሱ። ከዚያ ሐን ነክሳችሁ፣ ቺዙ አፍ ውስጥ እያለ ትንሽ ተጎንጩ። የቺዙ ጨው የወይኑን ጣፋጭነት ያወጣዋል፣ ስቡ ደግሞ የአልኮሉን ማቃጠል ያለዝበዋል። ቀጥሎ ቶኒውን ከመ ጋር። የኔ ፍርድ ይሄ ነው፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ያረጀ ቼዳርና ቶኒ ነው የምመርጠው። ሁለቱም በመቆየት ነው ለውዝ ለውዝ ያሉት፣ አፍ ውስጥ ሲገናኙ ይተዋወቃሉ።

በየመሃሉ ውሃና ዳቦ። በሳህንና በሳህን መካከል ሰው ሲያርፍ አጭር ታሪክ ጣል ብታደርጉ ጥሩ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1170 10,240 ፓውንድ ቼዳር እንደገዛ በመንግሥቱ የሒሳብ መዝገብ ሰፍሯል፤ ከ4,600 ኪሎ በላይ ማለት ነው። እንግሊዞች ከፈረንሳይ ጋር ሲጣሉ ፊታቸውን ወደ ፖርቱጋል ወይን አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1703 የተፈረመው የሜትዌን ውል የፖርቱጋልን ወይን ቀረጥ ከፈረንሳዩ ዝቅ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1756 ደግሞ ፖርት የሚመረትበት የዶውሮ ሸለቆ ወሰን ተከለለ። ከዚህ በላይ አታርዝሙ፣ ቺዙ ይደርቃል።

መጨረሻ ላይ ማሸጊያዎቹን አውጡና የቺዞቹን ዕድሜ ንገሯቸው። የማን ግምት እንደተጠጋ እዩ። ከዚያ በኋላ ማሩ፣ ኦቾሎኒውና ቴምሩ ይምጣ። ያረጀውን ቼዳር በማር ነክራችሁ ቅመሱ።

7. ከቅምሻው በኋላ

አሁን ከሰሉን አቀጣጥሉ። ቡናው ይቆላ፣ ዕጣኑም ይጨስ። ሦስቱም ስኒ በተራው ይጠጣ። እራትም ካለ አሁን ነው።

ፖርት ጣፋጭ ስለሆነ ያታልላል። 100 ሚሊ ሊትር የጠጣ ሰው 5% አልኮል ካለው ቢራ 400 ሚሊ ሊትር እንደጠጣ ነው። ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል ማለት ነው። መኪናም ሞተርም የያዘ ካለ እዚያው ይተወው፣ ባጃጅ ጥሩለት።

የተረፈውን ቼዳር በወረቀት ጠቅልላችሁ ፍሪጅ መልሱት። በኋላ ሻጋታ ቢታይበት ጠንካራ ስለሆነ ሙሉውን አትጣሉት። ከሻጋታው ዙሪያና ሥር 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ አውጡ። ከአይቡ የተረፈ ካለ ግን ያንኑ ማታ ይበላ። የተቆራረሱ ፍርፋሪዎች ጠዋት እንቁላል ፍርፍር ላይ ይጥማሉ፣ ትኩስ ቂጣ ላይም ይቀልጣሉ።

ፖርቶቹን ቡሻቸውን መልሳችሁ ፍሪጅ አቁሟቸው። ሩቢው አንድ ሁለት ሳምንት፣ ቶኒው እስከ ወር ይቆያል። ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ ቀን ጻፉባቸው። በሚቀጥለው ቅምሻ ላይ ሰው የድሮ ቃሉን ሲያነብ እንዴት እንደሚደሰት ታያላችሁ።